ከ«ይሁን» በኋላ ያልጠየቅሁት

ስራዬን ለአጎቴ ማስረዳት ያቃተኝ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አስራ አንድ አጋሮች ያሉበት ትልቅ የጋራ የውሃ ፕሮጀክት ነበር፤ ክልሉ፣ ዞኑ፣ ወረዳው፣ ሁለት የውጭ ለጋሾች፣ አራት የተራድኦ ድርጅቶች፣ ተቋራጩ፣ በመጨረሻም በየሰነዱ ግርጌ የሚጻፈው «ማህበረሰቡ»። እኔ የኮሙኒኬሽን አስተባባሪ ነኝ። አንዱ የተናገረው ለሌላው መድረሱን፣ የደረሰውም ሳይዛባ መሆኑን ማረጋገጥ ነው ስራዬ። ይህን ሁሉ ስዘረዝር አጎቴ ጎንበስ ብለው ጌሿቸውን እየኮተኮቱ አዳመጡኝና «መልክተኛ ሆንኩ በይኛ» አሉ።

«ኧረ አያ፣ ከመልክተኛስ ትንሽ ከፍ ይላል» አልኳቸው።

«ከፍ ካለማ መጨመር መቀነስ ይመጣል ሆዴ። መልክተኛ የሰማውን ነው የሚያደርስ።»

ሳቅሁ። ያን ጊዜ የሚያስቅ ነገር ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እናቴ «አያ» ትላቸው ስለነበር እኔም እሷን ሰምቼ «አያ» አልኳቸው፤ እሷ ስትሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ከላሊበላ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው፣ ደጋው ላይ። ከቤቱ በታች ምንጭ አለ። ምንጩ ሁለት አይን አለው። ከላይኛው ቤተ ክርስቲያኑና ጎረቤቱ ይቀዳል፤ ከታችኛው የሚፈልቀው የአጎቴን ጌሾና ነጭ ሽንኩርት ያጠጣል፣ ከብቶቹም ከዚያ ይጠጣሉ። የኔ ነው ብለው አያውቁም። ግን በየአመቱ መስቀል ሲያልፍ የመንደሩን ሰው ጠርተው ምንጩን የሚያስጠርጉት እሳቸው ነበሩ፣ ከሳቸው በፊትም አባታቸው።

እኔን «አንቺ» የሚሉበት ስንት አይነት ዜማ እንደነበራቸው አሁን ነው የሚገባኝ። ሲቆጡ «አንቺ ልጅ»፣ ሲያባብሉ «አንቺ ሆዴ»፣ ትምህርት ቤት አንደኛ ወጥቼ ስመጣ ደግሞ ዝም ብለው «አንቺ» ብቻ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ፕሮጀክቱ የቀጠረኝ ለዲግሪዬ ብቻ አልነበረም። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «የአካባቢውን ባህልና አነጋገር ጠንቅቀው የሚያውቁ በመሆኑ» የሚል ተጽፏል። ደብዳቤው ዛሬም አለኝ። እውነትም አስፈልጋቸው ነበር። አስራ አንድ መስሪያ ቤት ማነጋገር ማለት አስራ አንድ ቤት ሙሉ አማት ማስታረቅ ነው። አንዱ ስምንት ሰአት ብሎ ሲጽፍ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ሌላው ስምንት ሰአት ብሎ ምሳውን በልቶ ይመጣል። አንዱ ደብዳቤውን በኢሜይል ካልሆነ አያይም፣ ሌላው ማህተም ከሌለው ደብዳቤ አይለውም። ኔትወርክ ሲጠፋ ቃለ ጉባኤውን አትሜ ወደ ኮን ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ለሾፌሩ አደራ የሰጠሁበት ጊዜ ብዙ ነው። በየስብሰባው መክፈቻ አንድ ሃላፊ ይነሳና «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ይላል፤ ይጨበጨባል፤ ከዚያ ሎሚውን ማን ይያዝ በሚለው ላይ እስከ ምሳ እንከራከራለን። ስራውን እወደው ነበር። ሰው ሲግባባ ማየት ደስ ይለኛል፣ በኔ ምክንያት ሲግባባ ደግሞ የበለጠ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የኋላው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር «እሺ» እና «ይሁን» አንድ አይደሉም። «እሺ» ማለት ተስማምቻለሁ ነው። «ይሁን» ማለት ግን በሆዴ የቀረ ነገር አለ፣ ካልጠየቃችሁኝ ለፈጣሪ ትቼዋለሁ ማለት ነው። ትልቅ ሰው በእንግዳ ፊት እምቢ አይልም፤ ነውር ነው። «ይሁን» ይልና ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ተራው የጠያቂው ነው። ወግ የሚያውቅ ጠያቂ ትንሽ ዝም ብሎ ይቆይና «ምነው፣ ቅር ያለዎት ነገር አለ?» ይላል። እውነተኛው ነገር የሚወጣው ያኔ ነው። የጋብቻ ሽማግሌም የድንበር ሽማግሌም በዚህ ነው የሚሰራ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ሁለት ወንድማማቾችን ስለ አንድ ወሰን ሲያስታርቁ አይቻለሁ። ታናሽየው ገና ከማለዳው «ይሁን» ብሎ ነበር። አጎቴ ግን አልተነሱም። እየቆዩ፣ ስለ ዝናቡም ስለ ገብሱም እያወሩ መልሰው ጠየቁት፤ ከቀትር በኋላ ሰውየው አለቀሰና የሆዱን ተናገረ። ወደ ቤት ስንመለስ «ይሁን ብሎሽ የሄደን ሰው አስታረቅሁ እንዳትይ» አሉኝ። አስተማሪዬ እሳቸው ነበሩ፤ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ስብሰባው ጥቅምት ላይ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር የተጠራው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከጽዱ ዛፍ ስር። ፕሮጀክቱ የአጎቴን ምንጭ መርጦታል። የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ መሐንዲሶች ለክተው ነው። ላይኛው አይን ይጎለብታል፣ ማለትም ተቆፍሮ ውሃው በሲሚንቶ ሳጥን ይጠራቀማል፣ ከዚያ በቧንቧ ወደ ታች ሶስት ቀበሌዎችና አንድ ጤና ኬላ ይወርዳል። ስለ ጤና ኬላው እውነቱን መናገር አለብኝ። ምጥ የያዛት ሴት ከቤቷ ውሃ በጀሪካን አስጭና ነበር የምትመጣው። አይቻለሁ፣ ፎቶም አንስቻለሁ። ውሃው ያስፈልግ ነበር።

ጠዋት መኪና ውስጥ አለቃዬ ዞር ብለው «ያንቺ ዘመዶች ያሉበት ነው አሉ። እንግዲህ እንዳታደዪ» ብለውኝ ነበር። ቀልዳቸውን ነው። መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ግን ሆዴ ውስጥ ገብታ ቀረች፣ ያቺ ቀልድ። በማግስቱ ሰኞ ለአጋሮቹ ሁሉ የሚላክ ቅጽ ነበረኝ። «ማህበረሰቡ ተስማምቷል?» ይላል፤ ከፊቱ ሁለት ሳጥን፣ አዎ እና አይ። «ይሁን» የሚባል ሳጥን የለውም።

ወጣቱ የተቋራጩ መሐንዲስ ካርታውን በመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቶ አስረዳ። ጥሩ ልጅ ነው፣ አስረግጦ ነው የተናገረ። ሰዎቹ አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቁ፤ ቧንቧው በማን ማሳ እንደሚያልፍ፣ ቁፋሮው ለአጨዳ ይደርስ እንደሆነ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ አጎቴ ዞረ። አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ውሃ ለሰው ልጅ አይከለከልም» አሉ። «ወላድ ውሃዋን ተሸክማ ትሂድ አንልም። የምንጩን ነገር የፈጠረው ያውቃል። ይሁን።»

ተቀመጡ። ከዚያም እኔን አዩኝ።

መሐንዲሱን አላዩም፣ አለቃዬንም አላዩም። ከአስራ አንዱ አጋር ሁሉ መርጠው እኔን ነው ያዩኝ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚባለውን በመኪና ከመጣነው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አምስት ቃል ናት። «አያ፣ ቅር ያለዎት ነገር አለ?» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ለዘመዷ አደላች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ፈራሁና ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ፤ የምጽፈው ያለ ይመስል። ቀና ስል አጎቴ ወደ ጽዱ ዞረዋል፣ አለቃዬም ማህበረሰቡን እያመሰገኑ ነው።

ሰዉ ሲበተን አጎቴ ወደ መኪናው መጡ። «ጨረሳችሁ ሆዴ?» አሉኝ።

«አዎ አያ፣ ጨረስን።»

ትንሽ ቆሙ። «ይሁን» አሉ አሁንም፣ ቀስ ብለው። እኔም የመኪናውን በር ዘጋሁ። ሁለት ጊዜ እድል ሰጥተውኛል፤ ሰው እንዴት ሁለቱንም ይጥላል እያልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት ቅጹን ሞላሁ። ቃለ ጉባኤውንም ጻፍኩ፤ «ማህበረሰቡ በሙሉ ድምጽ ተስማምቷል» የሚል። በሙሉ ድምጽ። ያን ቀን ጽዱ ስር ሙሉ ድምጽ የነበረው የመኪናችን ሞተር ብቻ ነው። አለቃዬ አነበቡትና «እንዲህ ያለ ንጹህ ቃለ ጉባኤ ነው የሚያስፈልገን» አሉኝ። ለአስራ አንዱም ላክሁ። ማህበረሰቡ ኢሜይል ስለሌለው ለሱ የሚሄደው ቅጂ እኔው ፋይል ውስጥ ተቀመጠ።

ጥር ላይ ውሃው ታች ደረሰ። ቦኖው ሲከፈት ነበርኩ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ አንዲት አሮጊት ከቧንቧው በመዳፋቸው ተቀብለው ፊታቸውን አብሰው አማተቡ። የጤና ኬላዋ ነርስ እጇን በሳሙና እየታጠበች ፎቶ አነሳኋት፤ ያ ፎቶ የስኬት ታሪክ ሆኖ በአጋሮቹ ሁሉ ዞረ። ያን ቀን የተደሰትኩት በውሸት አይደለም። ይህን የምለው ነገሩ ሁሉ ክፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ስለነበረ ነው።

የካቲት መጨረሻ የአጎቴ ልጅ ደወለችልኝ። ሰላምታውን አሳጠረችው።

«የታችኛው አይን ጠፋ» አለች።

«ምን ማለት ነው ጠፋ?»

«ጠፋ ማለት ጠፋ ነዋ። መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ ጭቃ ሆነ፣ አሁን እርጥብም አይደል። ጌሾው ቅጠሉን እያራገፈ ነው። አባባ ሁለቱን ላሞች ወደ ገበያ ሊነዳቸው ነው፤ ላይኛው በሲሚንቶ ተዘግቷል፣ ማጠጫ የለማ።»

 ቀጠለች። «ያውቅ ነበርኮ» አለች። «በአያታችን ጊዜም ላይኛውን አንድ ክንድ ዝቅ አድርገው ቢቆፍሩት ታችኛው ጠፍቶ ነበር አለ። ደንጊያውን ወደ ቦታው ሲመልሱት ነው የተመለሰው። ሁለቱ አንድ ደም ስር ናቸው አለን።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» አልኩ። ከአፌ እንደወጣ መልሼ ልውጠው ፈለግሁ።

«ማን ጠየቀው?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ ለመጠየቅ ብላ ነው።

የዚያን ቀን ለአስራ አንዱም ጻፍኩ። ቅሬታ መቅረቡን፣ የታችኛው ምንጭ መድረቁን፣ አንድ ሰው ኑሮው ሊናጋ መሆኑን ዘረዘርኩ። በህይወቴ እንደዚያ ጥሩ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። አንዱ «መልእክትዎ ደርሶናል» አለ። ሌላው ጉዳዩ የሚመለከተው ሶስተኛውን ነው አለ፣ ሶስተኛው ለሚቀጥለው የጋራ ስብሰባ በአጀንዳነት ይያዝ አለ። አንደኛዋ ለጋሽ ግን ትጉህ ነበረች፤ ሰነዱን አገላብጣ ነው የመለሰችው። «ከቃለ ጉባኤው እንደምንረዳው ማህበረሰቡ በሙሉ ድምጽ ተስማምቷል» ትላለች፤ ከስሩም ቃለ ጉባኤውን አያይዛለች። የራሴ አረፍተ ነገር፣ በራሴ ስም ስር፣ ተመልሶ መጣልኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ሲሉ የምሰማው ለወሬኛ የተባለ ይመስለኝ ነበር።

ለአለቃዬ ቃለ ጉባኤው ልክ አይደለም፣ ጥፋቱም የኔ ነው አልኳቸው። በሩን ዘጉና ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄን በጽሁፍ እንዳታደርጊው» አሉኝ። ለኔ አስበው ነው፤ በዚህ አልከሳቸውም። እኔም በጽሁፍ አላደረግሁትም። እስከ አሁን።

ወጣቱ መሐንዲስ ብቻ ነው በራሱ ስልክ የደወለው። ቦታው ድረስ ሄዶ አይቶ ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩትንም ለአጎቴ አንብቦላቸዋል። «እህቴ፣ ያን ቀን ቢነግሩኝ ሳጥኑን አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ እሰራው ነበር» አለኝ። «የአንድ ቀን ስራ ነው። ለሁለቱም ይበቃ ነበር። አሁን አለቱ ተሰብሯል፤ የተሰበረ አለት እንዴት ይመለሳል።» ስልኩን ዘግቼ ቢሮ ውስጥ፣ ሰው እያየኝ፣ አለቀስኩ። የአንድ ቀን ስራ። የአምስት ቃል ጥያቄ።

ከዚያ በኋላ ሶስት ወር ሙሉ ወደ አጎቴ አልሄድኩም። ጸጥታው ጥሩ አይደለም፣ መንገዱ ተዘግቷል እል ነበር፤ እውነትም የተዘጋባቸው ሳምንታት ነበሩ። ሲከፈትም ግን ሌላ ምክንያት አላጣሁም። በልጃቸው በኩል «ደህና ናቸው?» ብዬ እልካለሁ፤ በልጃቸው በኩል «ደህና ነኝ በይልኝ» ይመለሳል። አስራ አንድ መስሪያ ቤት የማነጋግር ሴት ካሳደገኝ ሰው ጋር የማወራው በመልክተኛ ሆነ።

ግንቦት ላይ ሄድኩ። ቤት የሉም። ጌሾው የነበረበትን አልፌ ነው የወረድኩት፤ ግንዱ ቆሟል፣ ለማገዶ ገና አልቆረጡትም። ጎረቤት «ቦኖ ወርደዋል» አለችኝ። ቦኖው ከቤታቸው ቁልቁል አንድ ሰአት ያህል ያስኬዳል። ስደርስ ሰልፉ ረጅም ነው። አጎቴ መሃል ላይ ቆመዋል፣ ቢጫ ጀሪካን ከእግራቸው ስር። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለውን ተረት ልጅ ሆኜ የነገሩኝ እሳቸው ነበሩ፣ እየሳቁ።

አዩኝ። በትራቸውን ተደግፈው ቀና አሉና፣ ለወረዳ ሰው እንደሚደረገው፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱኝ።

«እንደምን ሰነበቱ» አሉኝ። «መንገዱ አልከፋዎትም?»

መጀመሪያ ከኋላዬ ሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሴቶች ዞረው አዩን። አጎት የእህቱን ልጅ፣ ያሳደጋትን፣ አንቱ ሲላት ሰምተው አያውቁም፤ እኔም ሰምቼ አላውቅም። ድምጻቸው ውስጥ ቁጣም አሽሙርም የለም። ቢኖር እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናቸው ነበር። አንቺ ልጅ ብለው ቢሰድቡኝ፣ በበትሩም ቢሉኝ ደስ ብሎኝ በተቀበልኩ። እንዲህ ባለ አክብሮት የሚያናግሩት ከእንግዲህ ከሱ ምንም የማይጠብቁትን ሰው ነው።

አጠገባቸው ቆምኩ። ተራው እየተጠጋ ነው። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ገብሱ። እንዳስተማሩኝ ቆየሁ። ከዚያ ሰባት ወር ሙሉ ያዘገየሁትን ጠየቅሁ።

«አያ፣ ቅር ያለዎት ነገር አለ?»

ቢያንስ «ይሁን» ይሉኛል ብዬ ነበር። «ይሁን» ቢሉኝ በር ነበረው፤ እስኪመሽ፣ እስኪነጋ ቆሜ ደግሜ እጠይቃቸው ነበር። አጎቴ ግን ጎንበስ ብለው ጀሪካናቸውን ከቧንቧው ስር አስገቡ። ውሃው ወረደ። እስኪሞላ አዩት፣ ጠብታ እንዳይባክን ቧንቧውን አጥብቀው ዘጉት፣ ከዚያ ቀና አሉ።

«ምን ቅር ይለኛል» አሉ። «ተስማምቻለሁኮ። አንቱ አይደሉ የጻፉት።»

ጀሪካኑን ልያዝ ስል በትህትና ከእጄ መለሱትና ዳገቱን ጀመሩት።